በመጨረሻ የሚጠየቅ ምሕረት

ልጄ ሰሎሜ ትንሽ ሳለች ከሥራ ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኝና፣ «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሰረቅሽ?» ትለኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ይስቃሉ። እኔ እደነግጣለሁ። ግቢያችን ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ በአንድ ቤት የተነገረው በሌላው ይሰማል። «ዝም በይ አንቺ! ሰው ምን ይለናል?» እላታለሁ። እሷ ግን ጨዋታው ስለጣማት አትተወኝም። የሥራዬን ነገር ያጫወትኳት እኔው ስለሆንኩ መቆጣትም አልችልም።

ሥራዬ በጅቡቲ ከተማ ፍርድ ቤት የአማርኛ አስተርጓሚነት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ጀምሬ በ2017 በጡረታ ወጣሁ። አስተርጓሚ «ሰረቅኩ ትላለች» አይልም። ተከሳሿ «ሰረቅኩ» ካለች እኔም በፈረንሳይኛ «ሰረቅኩ» ነው የምለው። በእነዚያ ዓመታት እንግዲህ ያላጠፋሁት ጥፋት የለም። ወርቅ ሰርቄያለሁ፣ ሰው በጠርሙስ ፈንክቻለሁ፣ ያለፈቃድ አረቄ ሸጫለሁ፣ በሰው ስም ድንበር ተሻግሬያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቤቴ ስገባ ልጄን የምስማት በውኃ ከተጉመጠመጥኩ በኋላ ነበር። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናት ነኝ፤ ምን ይዤ እንደምገባ እፈራለሁ።

ይህንን እንድጽፍ የወተወተችኝ ሰሎሜ ናት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ያውም ድሬዳዋ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ወደዚህ ሲዛወር ትምህርቴ እዚያው ቀረ። ሶማልኛውን ከሰፈር ልጆች ለቀምኩ። ፈረንሳይኛውን የተማርኩት ኤሮን ሰፈር በፈረንሳዮች ቤት ሞግዚት ሆኜ ልጆች ሳጥብ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛዬ የሕፃን ነበር። ፍርድ ቤት በቆምኩበት የመጀመሪያ ቀን ዳኛውን አንቱ ማለት ሲገባኝ «አንተ» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሳቀና፣ «ቀጥዪ፣ እናቴም እንዲሁ ነው የምትለኝ» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ያን ቀን ቢቆጣኝ ኖሮ በማግሥቱ አልመለስም ነበር።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ሐጂ ኡመር ነው። ሐጂ የፍርድ ቤቱ የቆየ አስተርጓሚ ነበር፤ ሶማሌ ሆኖ ያደገው ግን ድሬዳዋ ከዚራ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይበልጥ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረና ከተማው በእኛ አገር ሾፌርና ሥራ ፈላጊ ተጥለቀለቀ። ሰው ሲበዛ ጠብና ክስ ይበዛል። ሐጂ ብቻውን አልቻለም። እኔም በዚያው ጊዜ አሠሪዎቼ አገራቸው ገብተው ሥራ ፈት ነበርኩ። ማዕከላዊ ገበያ አንድ የእኛ አገር ሾፌር ከአንዲት ቲማቲም ሻጭ ጋር ተጣልቶ እኔ መካከል ገብቼ ለሁለቱም ስተረጉም ሐጂ ከኋላዬ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል።

«አንቺ ሴት፣ ስድቡን ለምን ዘለልሽው?» አለኝ።

«የቱን ስድብ?»

«አህያ ብሏታል እኮ። አንቺ ግን ‘ተናድጃለሁ’ ብለሽ ነገርሻት።»

«ታዲያ ልናገርላት? እንዲፈነካከቱ?»

«ገበያ ላይ ጥሩ አድርገሻል። የእኔ መሥሪያ ቤት ግን ብትመጪ አህያዋን አህያ ነው የምትያት።»

እንዲህ ብሎ ቀጠረኝ። ‘አንቱ’ ስለው ደግሞ ተቆጣ። «እኔና አንቺ የድሬ ልጆች ነን፤ አንቱ ካልሽኝ አልሰማሽም» አለ። የእውነቱን ነው፤ አንቱ ስለው እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈኝ ነበር።

ክፍያው የሚታሰበው በተሠራው ቀን ነበር፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ልጄን አሳድጎልኛልና አላማውም።

የሐጂን ሙያ በደንብ ልንገራችሁ። ጠዋት ችሎቱ ሳይጀመር ተከሳሾቹ በተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ ያልፍና እያንዳንዱን «የት አገር ነህ? ምን በላህ?» ይላል። ስለ ክሱ አንድ ቃል አይጠይቅም። ጆሮውን ማለማመዱ ነው። የጎጃም ሰው የሚናገረው ሌላ፣ የሐረር ልጅ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ስለ ምግቡ ሲያወራ አነጋገሩን ትለምደዋለህ። ችሎት ላይ ከተከሳሹ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል፣ ዳኛው ሰውዬውን እንጂ አስተርጓሚውን እንዳያይ። እጁን ከጀርባው ያጣምራል። «እጅም ይተረጉማል፤ ተከሳሿ ሳታለቅስ አንቺ በእጅሽ ካለቀስሽ ዋሽተሻል» ይለኝ ነበር። አፉ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ቅርንፉድ አለች። ድምፁ አሸዋ በሚያነሣው የበጋ ነፋስ፣ በኻምሲን እንኳ አይሰልልም ነበር። ሌላው ትእዛዙ፣ ከችሎት ውጭ የሰማሽው የአንቺ አይደለም የሚል ነው። ኮሪደር ላይ ሰው የልቡን ሊነግርሽ ይችላል፤ እዚያው ትተሽው ትሄጃለሽ።

እነዚህን ሁሉ ያዝኩ። ፈሪ ስለሆንኩ ለትእዛዝ እመቻለሁ።

አሁን ወደ አስካለ ልመጣ ነው። የሥራ ዘመኔ ነገር ሁሉ የሚዞረው በእሷ ነው።

በጅቡቲ ሕግ ተፈርዶበት ዳግመኛ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ ይከብዳል፤ እስከ እጥፍ ይደርሳል። ‘ሬሲዲቭ’ ይሉታል። ሕጉን አልጠላሁትም። እኔም ልጅ ሳሳድግ ለመጀመሪያው ብርጭቆ መክሬ ለሁለተኛው ቆንጥጫለሁ። ብቻ ሁለተኛ ለማለት የመጀመሪያውን የሰበረችው ያችው ልጅ መሆኗን ማወቅ ያስፈልጋል።

አስካለ የወሎ ገጠር ልጅ ናት፤ በአንድ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የእመቤቷን የጆሮ ጌጥ ወስዳ ሸጣለች፤ ይህንንም አልካደችም። ያን ጊዜ እኔ በሥራው ላይ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቼ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣና፣ ከዓመታት በፊት በዚህችው ስምና የአባት ስም በስርቆት የተፈረደባት ሴት አለች አለ። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ ስምና የአባት ስም ብቻ ነው። አስካለ መኮንን የምትባል ሴት ደሴ ላይ ጠርታችሁ ስንቷ አቤት ትላለች! በድሮው ክስ ላይ ደግሞ የጣት አሻራ አልተያያዘም። ዳኛው ሳያጣራ አልፈረደም፤ እሷኑ ጠየቃት።

«ያች ሴት አንቺ ነሽ?»

ተረጎምኩላት። አስካለ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጉልበቷን ሰበር አደረገች። «አዎ ጌታዬ፣ በድያለሁ። ማሩኝ» አለች።

በፈረንሳይኛ «አዎ፣ በድያለሁ፣ ማሩኝ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ዳኛው።

«እርስዎ ካሉ አዎ ነው ጌታዬ።»

ይህንንም እንዳለ አስተላለፍኩ። ዳኛው ፊቱን ቋጠረ፤ በፈረንሳይኛ ሲሰማው ሹፈት ይመስላል። እኔ ግን ቃናውን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ቃና ነው። በእኛ አገር አስታራቂ ፊት የሚከራከር ልበ ደንዳና ይባላል፤ የተባለውን ሁሉ አዎ ብሎ ተቀብሎ የሚንበረከክ ነው ይቅር የሚባለው። ጥፋቱ ባይሆንም ይቀበላል፤ ሽማግሌዎቹም ይህንን አውቀው ያቀሉለታል። ቃላቱ አፌ ውስጥ ነበሩ፣ ቃናውን ግን በምን ልተርጉመው? መጨመር ክልክል ነው። እጆቼን ከጀርባዬ አጥብቄ ያዝኩ።

ቅጣቱ እጥፍ ሆነ።

ኮሪደር ላይ ፖሊሱ እስኪወስዳት ድረስ አጠገቧ ቆምኩ። አላለቀሰችም፤ ግራ ተጋብታ ነበር።

«እትዬ፣ ተቀብዬ ለመንኩ አይደል? ለምን ጨመሩብኝ?»

«የፊተኛው ጥፋት ያንቺ ነው እንዴ?»

«ኧረ እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ዓመቴ ነው! ታዲያ ዳኛን ‘ተሳስተዋል’ ልበል?»

ሐጂ ጋ ሮጥኩ። ሐጂ ሰምቶኝ ሲያበቃ ቅርንፉዱን ከአፉ አወጣ፤ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ይግባኝ የምትለው ራሷ መሆን አለባት አለኝ። በማግሥቱ አብረን ወደ ወህኒ ሄድን፤ ስለ ይግባኝ አስረዳናት።

«በዳኛው ላይ ሌላ ዳኛ?» አለች ደንግጣ። «ከዚህ በላይ እንዲቆጡብኝ? ተዉኝ ባካችሁ፣ እትዬ።»

ለመንናት። እንቢ አለች። የይግባኙ ጊዜ አለፈ። እኔም እሑድ እሑድ ምግብ እየቋጠርኩ ስመላለስ ቅጣቷን ጨርሳ ወጣች። አንዲትም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ይህ ነው የሥራዬ ትልቁ ሽንፈት፤ ቃል ሳላጎድል ተርጉሜ ሴትየዋ ሳትደመጥ ቀረች።

ሐጂ ግን ነገሩን እዚያ ላይ አልተወውም። «እኛ የምንሠራው በር መሆን ነው። በሩ ቢከፈትም ደጃፉ ላይ የሚያደናቅፍ ድንጋይ ካለ ማንሣት አለብን» አለና የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት አስፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ተከሳሽ ከመጠየቁ በፊት አስተርጓሚው ጮክ ብሎ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ሁሉም እየሰማው፣ አንዲት አጭር ማስታወቂያ እንዲናገር ተፈቀደ። የአማርኛውን እኔ እንዳዘጋጅ ሐጂ ለእኔ ተወልኝ። ስንት ቀን ድስት እያማሰልኩ አሰብኩበት። የሕግ ቃል ከገባበት ገጠሬ አይገባውም። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«እዚህ ቤት ምሕረት የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው። አሁን የሆነውን ሆነ፣ ያልሆነውን አልሆነም በሉ። አልሆነም ማለት ስድብ አይደለም።»

ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ «ደግመሽ በይው» አለ። ደገምኩለት። «አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ከእሱ ያገኘሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው፤ ይበቃኛል።

የአፋርኛ አስተርጓሚዋ ዘሃራ አማርኛም ስለምትችል ይህችን ነገር ኮሪደር ላይ ለቀልድ ታውላት ነበር። ሻይ ቀድቼ ስሰጣት፣ «ስኳር አለው? የሆነውን ሆነ በይ!» ትለኛለች። ሆኖም ማስታወቂያዋ ስንቱን አዳነች። «አዎ ጌታዬ» ሊል ጀምሮ ቀና ብሎ ያየኝና «ቆይ፣ እሱስ አልሆነም» ያለው ሰው ብዙ ነው። የሆነውን ሆነ ያለም ብዙ ነው፤ እሱም እንደ ሥራው ተቀጣ። እንደዚያ ሲሆን ቤቴ ገብቼ አልጉመጠመጥም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሰሎሜ ትምህርቷን ጨርሳ ትራንዚት ቢሮ ገባች። ሐጂ ጆሮው ሲከዳው ሥራውን ትቶ ካርቲየ 4 ልጁ ቤት ተቀመጠ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ በአግዳሚው ወንበር አጠገብ «የት አገር ነሽ? ምን በላሽ?» እያልኩ ሳልፍ፣ «እትዬ ብዙነሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አስካለ ነበረች።

የተሰረቀ ስልክ በርካሽ ገዝታ ነው። የስርቆት መሆኑን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ጥፋት ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ አሁን ሁለት ቅጣት ነበረባት፤ አንዱ የራሷ፣ ሌላው በአፏ የተሸከመችው። ዐቃቤ ሕጉ ልማደኛ ናት ብሎ ከባድ እስራት ሊጠይቅ ነው። አስካለ ደግሞ አሁን እናት ሆናለች። ልጇ ሐና ካርቲየ 4 ጎረቤት ዘንድ ናት፤ ጎረቤቷም ወሩ ሲያልቅ ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትገባ ነው። እናትየው በቶሎ ካልወጣች ልጅቷ ከጎረቤቷ ጋር ድንበር ትሻገራለች፤ ከዚያ ማን ያገኛታል?

ችሎቱ ለማግሥቱ ሲቀጠር በቀጥታ ሐጂ ጋ ሄድኩ። በጆሮው ላይ እየጮህኩ ነገርኩት። ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ የሰማሁትን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ አንተ ደግሞ ከችሎት ውጭ የሰማሽው ያንቺ አይደለም ብለኸኛል፣ ምን ላድርግ አልኩት። ደግሞም ፈራሁ። ከችሎቱ ቢያስወጡኝስ? ስሜ ቢበላሽስ? የሰሎሜ አሠሪዎች ቢሰሙስ?

«አስተርጓሚ ሆነሽ ከቆምሽ ዝም በዪ» አለ ሐጂ። «መናገር ካለብሽ ግን ከዚያ ቦታ ውረጂና ምስክር ሁኚ። ምስክር አይተረጉምም፣ አስተርጓሚም አይመሰክርም። ሁለቱን በአንድ አፍ እንዳታደርጊ።»

«የኮሪደሩስ ትእዛዝ?»

«ያንን ያልኩሽ ሰው እንዳይጎዳ ነው፣ ብዙነሽ። አሁን ጉዳቱ በየት በኩል እንዳለ አንቺው ታዪዋለሽ።»

ማታ ለሰሎሜ ነገርኳት። «እማዬ፣ እኔን ምክንያት አታድርጊኝ» አለችኝ። ልጄ እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግሥቱ ዳኛዋ ሴት ነበሩ፤ ኮስታራ፣ ፍጥነት የሚወዱ። ማስታወቂያዬን እንደ ወትሮው ተናገርኩ። ዳኛዋ አስካለን ጠየቁ፦ «ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተፈርዶብሻል። ትክክል ነው?»

ተረጎምኩ። አስካለ እንደ ድሮው ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ጉልበቷ ሰበር ሲል አየሁ። በሆዴ ማርያም ማርያም አልኩ። የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ጉልበቷን መልሳ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንዱ የእኔ ነው» አለች። «ሌላው አልሆነም።»

«አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላው አልሆነም» አልኩ በፈረንሳይኛ። ዳኛዋ ወረቀቱን ገለጡ። «ያን ጊዜ ግን አዎ ብለሻል። ለምን?»

«ዳኛን አይደለም ማለት ነውር መስሎኝ ነው፣ እመቤቴ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ፤ ዛሬ ሲከብዳት የመጣላት ሰበብ ነው፣ ማስረጃ የላትም አለ። ቃሉን ለአስካለ ተረጎምኩላት። አንድም አልዘለልኩም። ከጨረስኩ በኋላ እጄን ከጀርባዬ ፈታሁና አወጣሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ ከአስተርጓሚነቱ እንዲያነሡኝ እለምናለሁ። ስለዚህ ነገር የማውቀው አለ።»

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ከወረድሽ በዚህ ጉዳይ ላይ አትመለሺም፤ ታውቂያለሽ?» አዎ አልኩ። ዘሃራ ተጠርታ ቃል ገባችና በእኔ ቦታ ቆመች። እኔ ምስክሮች የሚቆሙበት ቦታ ሄድኩ። ያ ስንት ዓመት ያየሁት ቦታ ከዚያ በኩል ሲቆሙበት ሌላ አገር ነው።

«ያን ቀን አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ» አልኩ። «እኔ ኮሪደር ላይ ጠየቅኳት። ከገባሁ ዓመቴ ነው አለችኝ፣ ያን ጊዜ፣ ገና እንደተፈረደባት። ይግባኝ እንድትል እኔና ሐጂ ኡመር ለምነናት ፈርታ እንቢ ስትል እኔ ሰምቻለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት ‘እኔ’ ስል ሌላ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን እኔው ነበርኩ። ዘሃራ የእኔን ቃል ለአስካለ በአማርኛ ስትመልስላት ይሰማኛል፤ ‘ኮሪደር’ን ‘በረንዳ’ ስትለው በዚያ ጭንቀት መካከል በሆዴ አረምኳት። ሙያ አይለቅም።

ዳኛዋ ሐጂንም አስጠሩ። በልጁ ክንድ ተደግፎ መጣ፤ እየተጮኸለት ሰምቶ መሰከረ። ፍርዱ የተሰጠው ወሩ ሳያልቅ ነው። ዳኛዋ የመጀመሪያው ቅጣት የዚህች ሴት መሆኑ ስላልተረጋገጠ አይቆጠርባትም አሉ። የጆሮ ጌጡ ግን ተቆጠረባት፤ የራሷ ነውና። እንደ ልማደኛ ሳይሆን አንድ ጊዜ እንደደገመች ቀጧት፤ የታሰረችበትም ጊዜ ታስቦላት የቀራት ጥቂት ሳምንት ሆነ። ጎረቤቷ ጉዞዋን እስከዚያ አቆየችላት። ሐና ድንበር አልተሻገረችም።

እኔ ግን ቤቴ ተቀምጬ ስንብቴን እጠብቅ ነበር። ከመሰከርኩ በሁለተኛው ቀን ዘሃራ በራችን ላይ መጥታ ጮኸች። «ብዙነሽ! ዳኛዋ ‘የአማርኛዋ ሴትዮ ሰኞ ጠዋት የምትተረጉመው አላት፣ እንዳታረፍድ’ ብለውሻል።» ቆርቆሮው ሁሉ ሰማ። ሰሎሜ ከውስጥ ሳቀች። እስከ ጡረታዬ አላረፈድኩም።

ሐጂ በዓመቱ ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። ዘሃራ ዛሬም እዚያው ናት፤ ያችን ማስታወቂያ አሁን የምትናገረው በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ መሆኗን ነግራኛለች። አንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም አለችኝ። ያሳደገኝን ሥራ፣ የሳቀልኝን ዳኛ፣ ሰኞ ያስጠሩኝን ሴትዮ፣ ሁሉንም አመሰግናለሁ።

አስካለ አሁን አጠገባችን ካርቲየ 6 ውስጥ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ባለፈው እሑድ ሐናን ይዛ ምሳ መጣችልኝ። በልታ እጇን ስትሰበስብ እንደ እናት ወግ አልለቅ አልኳት።

«አንድ ጉርሻ ብቻ፣ በሞቴ።»

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

«ምን በልተሽ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።»

አስካለ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አልፈልግም» አለች። «አልፈልግም ማለት ስድብ አይደለም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

ጉርሻው በእጄ ቀረ። ሐና አፏን ከፍታ ስትጠብቅ አየኋትና ለእሷ አጎረስኳት።